ከኦዳ ቢስል እስከ ጭልሞ፦ የግርማ፣ የውበትና የነፃነት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከጊንጪ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ጭልሞ የተባለው ደን ይገኛል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ተቀላቅለው የበቀሉበት፣ በአንድ ወቅት የሸዋን ደጋ ከሸፈነው አገር በቀል ደን የተረፈ ነው። ብዙ አንባቢ የጭልሞን ስም የሚያውቀው በ2008 ዓ.ም. ከተነሣው ተቃውሞ ጋር ተያይዞ ነው። ፍልስፍና ያነበበ ሰው ግርማና ውበት ከሰው ልጅ ነፃነት ጋር ስላላቸው ዝምድና ከበርክ፣ ከካንትና ከሺለር የቀሰመው ነገር ይኖረዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የሚወድ ቦዳን ያውቃል፤ የአርበኞችን ታሪክ ያነበበም ጃገማ ኬሎን አይስትም። እነዚህ ተለያይተው የሚነገሩ ወሬዎች የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው ብዬ ስለማምን እዚህ በዘመን ቅደም ተከተል አገናኝቼ እተርካቸዋለሁ።

ከሰው አቅም በላይ በሆነ ነገር ፊት፣ በገደል፣ በጥቅጥቅ ደን ወይም በነጎድጓድ ፊት የቆመ ሰው መጀመሪያ ይርዳል፤ ቀጥሎም በውስጡ ያ ኃይል ሊያንበረክከው የማይችል አንድ ነገር እንዳለ ይገነዘባል። የአውሮፓ ፈላስፎች የግርማን ስሜት ከነፃነት ጋር ያስተሳሰሩት በዚህ በኩል ነው፤ በዚህም እውነት ነበራቸው። የሳቱት ያንን ሰው ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ፣ ከአደጋ ርቆ የሚመለከት እንግዳ አድርገው ማሰባቸው ነው። በግርማው ውስጥ ተወልዶ፣ ከእርሱ እንጨትና ማር ቆርጦ፣ በእርሱም ተጠልሎ የሚኖረውን ሰው ከሒሳቡ አወጡት። የምዕራብ ሸዋ ታሪክ የሚያሳየው ግን ግርማና ነፃነት ይበልጥ ተቀራርበው የተገናኙት በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ መሆኑን ነው።

እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፦ ከዛፍ ጥላ ሥር

በሸዋ ደጋ ላይ ደንና ሥልጣን የቆየ ዝምድና አላቸው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የወጨጫን ተራራ ተዳፋት ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር አስተክለው እንዲጠበቅ አዘዙ፤ ዛሬ የመናገሻ ሱባ ደን የምንለው የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ነው ይባላል። ትውፊቱን በየዝርዝሩ ማረጋገጥ ባይቻልም የሚያስተላልፈው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ደኑ የንጉሥ ነው፣ ግርማውም የዙፋኑ ግርማ ነው። ከአምቦ በስተደቡብ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኛው የወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ደግሞ የቂርቆስ ገዳም ተመሥርቷል። በዚያ ስፍራ ጥልቅ ውሃና ቀጥ ያለ ገደል የሰውን ልብ ወደ ፈጣሪ የሚመልሱ ነበሩ።

ሦስተኛው ዝምድና ከሁለቱም ይለያል። የሜጫ ኦሮሞ ከቱለማ ተለይቶ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ የራሱን የገዳ ማዕከል በኦዳ ቢስል፣ በዛሬዋ ጌዶ ከተማ አካባቢ፣ አቋቋመ። በቃል ታሪክ ማኮ ቢሊ የሜጫን ሕግ ያወጀው በዚያ ነው። በኦዳው ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው ጉባኤ ሕግ ያወጣል፣ ጠብ ይፈታል፤ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ገዳ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ዛፉን መቁረጥ ነውር ነው፤ በሥሩ መዋሸትም እንዲሁ። ኦሮሞ ሰፉ የሚለው፣ በፍጥረት መካከል ያለው የክብርና የድንበር ሥርዓት፣ ዛፉንም ተናጋሪውንም በአንድ ላይ ያስራል። እዚህ ላይ ግርማ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ኃይል ሳይሆን እውነት እንዲናገር የሚያደፋፍረው ነው።

እርግጥ ይህን ሥርዓት ያለ ነቀፌታ ማሞገስ አይገባም። የገዳ ሹመት የወንዶች ነበር፤ ሴቶች ድምፃቸውን የሚያሰሙት ሲንቄ በተባለው የሴቶች ሥርዓት በኩል፣ በሌላ መንገድ ነበር። የተስፋፊው ሕዝብ ሕግ በሥሩ ለገቡ ሌሎች ሕዝቦች እኩል ነፃነት ሰጥቷል ማለትም አይቻልም። ሆኖም አንድ ነገር ጸንቶ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ አውሮፓ በመጽሐፍ ልታነሣው የነበረው ጥያቄ፣ ማለትም የሚያስፈራና የሚያምር ነገር ለነጻ ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚለው፣ በኦዳ ቢስል በተግባር መልስ ነበረው።

እ.ኤ.አ. ከ1674 እስከ 1764፦ አውሮፓ ተራራን መውደድ ስትጀምር

በግሪክኛ የተጻፈች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በሎንጊኑስ ስም ትጠራለች፤ ደራሲዋ በእርግጥ ማን እንደነበረ አይታወቅም፤ ብዙዎች ግን በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተጻፈች ይስማማሉ። ርእሰ ጉዳይዋ ከፍ ያለ ንግግር ነው፤ ሰሚን ከማሳመን አልፎ ከራሱ የሚያወጣ ቃል ከየት ይመጣል ትላለች። በመጨረሻዋ ምዕራፍ አንድ ፈላስፋ ገብቶ ይጠይቃል፦ ዛሬ ታላቅ ንግግር የጠፋው ሕዝብ ራሱን ማስተዳደር ስላቆመ አይደለምን? ደራሲው ጥፋቱን ከፖለቲካው ይልቅ በገንዘብና በድሎት ፍቅር ያሳብባል። ጥያቄው ግን ተነሥቷል፤ የግርማ ፍልስፍና ገና ሲወለድ ከነፃነት ጋር ተያይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1674 ፈረንሳዊው ቧሎ መጽሐፏን ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልሳት የአውሮፓ የተማረ ክፍል ሁሉ ይነጋገርባት ጀመር።

በዚያው ዘመን የተራራ ስም እየተለወጠ መጣ። እንግሊዛዊው ቶማስ በርኔት እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው መጽሐፍ ተራሮች በጥፋት ውሃ ጊዜ ለስላሳ ከነበረች ምድር የቀሩ ፍርስራሾች ናቸው ሲል ጻፈ፤ ያም ሆኖ በፊታቸው ሲቆም የሚሰማውን መደነቅ መሸሸግ አልቻለም። ከእርሱ በኋላ የአልፕስን ተራሮች የሚያቋርጡ መንገደኞች ፍርሃታቸውን በደስታ እየቀላቀሉ ይጽፉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1755 የሊዝበን የምድር መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፍርሶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲፈጅ ደግሞ ሰው የተፈጥሮን ኃይል ሳያስብ መኖር አልቻለም።

ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ወጣቱ አየርላንዳዊ ኤድመንድ በርክ ግርማንና ውበትን የለየበትን መጽሐፉን አወጣ። ውበት ትንሽ፣ ለስላሳና ተወዳጅ ነው፤ ግርማ ሰፊ፣ ጨለማና አስፈሪ ነው። አስፈሪው ነገር ግን በእርግጥ ሲያስጨንቀን ደስታ የለበትም፤ የሚያስደስተው ራቅ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። በርክ ሳይሸሽግ የተናገረው ሌላ ነገርም አለ። ግርማ የገዢዎች መሣሪያ ነው፤ ሕዝባቸውን በፍርሃት የሚገዙ ነገሥታት ከዓይን ይሰወራሉ፣ የጥንት ካህናትም ሥርዓታቸውን በጨለማ ደን፣ በሸመገሉ ዛፎች ሥር ይፈጽማሉ ይላል። ይህ ትዝብት በእኛው አገር ታሪክ ውስጥ ይመለሳልና አንባቢ በልቡ ይያዘው።

በዚሁ ዘመን ኢማኑኤል ካንት ስለ ውበትና ግርማ የመጀመሪያ መጽሐፉን ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1764። በመጽሐፉ መጨረሻ ሕዝቦችን በስሜታቸው ሲመድብ፣ ፈላስፋውን ሂዩምን ምስክር ጠርቶ፣ አፍሪካውያን ከተራ ነገር ከፍ የሚል ስሜት በተፈጥሮ የላቸውም አለ። አፍሪካን አላያትም፤ ከኬኒግስበርግ ከተማና ከአካባቢዋም ርቆ ሄዶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ዘመኑ ጉድለት አድርጎ ማለፍ ይቀላል። ለእኔ ግን የግርማን ስሜት የሰው ልጅ የነፃነቱ ምልክት ካደረግነው፣ ያ ስሜት የሌለው የተባለ ሕዝብ ከነፃነትም ደጅ ቀርቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከጉድለት ያልፋል።

እ.ኤ.አ. ከ1790 እስከ 1795፦ ካንትና ሺለር

እ.ኤ.አ. በ1790 የወጣው የካንት ሦስተኛው ታላቅ መጽሐፍ እጅግ የጠለቀ ነው፤ በቀደመው መጽሐፍ ምክንያት አንስቶ መጣሉ ኪሳራው የእኛ ይሆናል። ውብ ነገር፣ ይላል ካንት፣ ከጥቅም በራቀ ደስታ ያስደስተናል፤ አበባውን ልንበላው ወይም ልንሸጠው ሳንፈልግ እንወደዋለን፤ ሌላውም ሰው እንዲወደው እንጠብቃለን። ግርማ ያለው ነገር ግን በመጀመሪያ ያሸንፈናል። የተንጠለጠለ ቋጥኝ፣ መብረቅ የተሸከመ ደመና፣ እሳተ ገሞራ፣ የታላቅ ወንዝ ፏፏቴ፤ እነዚህን ስናይ ሥጋችን ከንቱ መሆኑን እናውቃለን። በዚያው ቅጽበት ግን ሕይወታችን አደጋ ላይ ቢወድቅ እንኳ እውነት ነው ካልነው መርሕ እንዳንወርድ የሚያደርግ ኃይል በውስጣችን እንዳለ ይሰማናል። ግርማው በእርግጥ የተራራው አይደለም፤ የእኛው ነፃነት ነው፤ ተራራው ያስታውሰናል እንጂ።

ይህ በፍልስፍና ታሪክ ውስጥ ከማደንቃቸው ሐሳቦች አንዱ ነው። ካንት ግን ቅድመ ሁኔታ አኖረ፤ ተመልካቹ ከአደጋ በተጠበቀ ስፍራ መቆም አለበት፤ የሚሸሽ ሰው ሊፈርድ አይችልም። ቀጥሎም በበረዶ ተራራ የሚመሰጡትን ሰዎች ሁሉ ሞኞች ያላቸውን የሳቮይ ገበሬ ይጠቅሳል። ገበሬው ምክንያት እንደነበረው አልካደም፤ ሆኖም ሥነ ምግባራዊ አስተሳሰቡ ያልተኮተኮተ ሰው በተራራው ውስጥ ችግርና ሞት እንጂ ሌላ አያይም አለ። እንግዲህ ነገሩ የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ለመንገደኛው ተራራው የአንድ ቀን ትርኢት ነው፤ ለገበሬው የከብቶቹ ግጦሽና የጎረቤቱ መቃብር ነው። ካንት ገበሬው ለመንገደኛው የሰጠውን መልስ ጽፎልናል፤ ገበሬው ራሱ ለተራራው ምን ስም እንዳወጣ፣ ምን እንደተሳለለት፣ የትኛውን ገደል አልፎ ላለመቁረጥ እንደማለ ግን አልጠየቀም።

ፍሪድሪሽ ሺለር ከካንት የተማረውን ከገዛ ሕይወቱ ጋር አገናኘው። የቩርተምበርግ መስፍን ተውኔት እንዳይጽፍ ስለከለከለው እ.ኤ.አ. በ1782 ከአገሩ ሸሽቶ ነበር። የፈረንሳይ አብዮት ሲነሣ ተስፋ አደረገ፤ አዲሲቱ ሪፐብሊክም የክብር ዜግነት ሰጠችው፤ ጊዮቲን የብዙዎችን አንገት ሲቆርጥ ግን ተስፋው ወደ ጥያቄ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1795 ባሳተማቸው ደብዳቤዎች የሰጠው መልስ፣ ሰው በውበት ሳይታነጽ ነፃነት ቢሰጠው ሊሸከመው አይችልም፤ ወደ ነፃነት የሚያደርሰው መንገድ በውበት በኩል ያልፋል የሚል ነው። ውብ ነገር በማንም ያልተገደደ፣ ከራሱ የወጣ መስሎ ይታየናልና እርሱን እያየን የራሳችንን ነፃነት እንለማመዳለን። ሺለርን ብዙዎች የነቀፉት ፖለቲካን ወደ ቲያትር ቤት አሸሽቷል ብለው ነው። ነቀፌታው ከፊል እውነት አለው፤ የሺለር ሰው የሚታነጽበት ስፍራ የት እንደሆነና መሬቱ የማን እንደሆነ ደብዳቤዎቹ አይነግሩንም።

ከ1879 እስከ 1927 ዓ.ም.፦ ዋና ከተማዋ ወደ ደኑ ስትመጣ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አለቀ። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ደን ወዳልራቀበት ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም፣ ለመዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር። ከተማዋን ከመዛወር ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ለማርያም ቤተ ክርስቲያንነት ተሰጠ። ደኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋና ከተማ ባለው ርቀት ተለካ።

በዚያው ዘመን የሜጫ ምድር ገበሬ ገባር ሆነ፤ የገዳ ጉባኤዎችም የፖለቲካ ሥልጣናቸውን አጡ። ዛፎቹ ቆመዋል፤ የኢሬቻ በዓልም በወንዝና በተራራ አጠገብ ቀጠለ፤ በዛፉ ሥር የሚወሰነው ግን አነሰ። እንደኔ ግምት ከዚህ በኋላ ለሆነው ሁሉ ሥሩ ይህ ነው። ግርማው ከውሳኔው ተለየ። ሰው ደኑን ማክበር ቀጠለ፤ ስለ ደኑ መናገር ግን የሌላ ሰው ሥራ ሆነ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ጨለማው ሲያስጠልል

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በጅባትና ሜጫ አውራጃ፣ ከጊንጪ ብዙም በማይርቀው በዩብዶ የተወለደው ጃገማ ኬሎ በዚያ ዓመት ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ጫካ ገባ፤ አምስቱን ዓመት በዱር በገደሉ ሲዋጋ ኖረ፤ ሕዝቡም የበጋው መብረቅ የሚል ስም አወጣለት። ከነፃነት በኋላ ሌተና ጄኔራል እስከመሆን ደርሶ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። እርሱ ብቻ አልነበረም፤ የሸዋ ምዕራብ አርበኞች ሁሉ ምሽጋቸው ጥድና ዝግባ ነበር።

ይህን ታሪክ በፍልስፍናው ሚዛን ላይ እናኑረው። በርክና ካንት አስፈሪው ነገር ከሩቅ ሲታይ ብቻ ያስደስታል፣ ከፍ ያደርጋል ብለው ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግን አደጋው ያለው በተጠረገው መንገድ፣ በተመነጠረው ሜዳና ጥርት ባለው ሰማይ ላይ ነበር፤ አውሮፕላን የሚያየው እርሱን ነው። ጨለማ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጅብና ነብር የሚኖርበት ጫካ የተጠበቀው ስፍራ ሆነ። ካንት ለይቶ ያስቀመጣቸው ሁለቱ ነገሮች፣ አስፈሪው ግርማና የተመልካቹ መሸሸጊያ፣ አንድ ላይ ዋሉ። በሕይወቱ ላይ የሚመጣውን እያወቀ ከመርሑ አልወርድም ያለው ሰው ደግሞ በምናብ ሳይሆን በእግሩ እዚያ ቆሞ ነበር።

የተሸሸገ ሰው ስለ ውበት አያስብም፤ ደኑ ለአርበኛው መሣሪያ እንጂ የአድናቆት ምንጭ አልነበረም ተብሎ ሊነገር ይችላል። መቃወሚያው ቀላል አይደለም፤ የተራበና የቆሰለ ሰው ከጥቅም በራቀ ደስታ ይመሰጣል ብል መዋሸት ይሆናል። ነገር ግን ካንት ግርማ የሚገልጠው ዋና ነገር ደስታው ሳይሆን ከፍርሃት በላይ የሆነው ኅሊና ነው ብሏል። ይህ ከሆነ አርበኛው የመጽሐፉን ፍሬ ያለ መጽሐፉ ይዞታል። ለዚያ ማስረጃው የአርበኛው ዘፈንና ፉከራ ነው፤ ጫካውን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ዘመድ ይጠራዋል፤ ገደሉንም እንደ ጓድ ያሞግሰዋል። ሰው ለመሣሪያው ብቻ እንዲህ አይዘፍንም።

ከ1933 እስከ 1967 ዓ.ም.፦ የቦዳው ልጅ የጠየቀው

ጸጋዬ ገብረ መድኅን አዲስ አበባ ከተያዘች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በነሐሴ 1928 ዓ.ም.፣ በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ። ግእዝና ቅኔ የቀሰመ፣ በአምቦና በአዲስ አበባ የተማረ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመለት «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለው ተውኔት ለዚህ ታሪክ ከሁሉም ሥራዎቹ ይቀርባል።

በተውኔቱ ውስጥ ሻንካ የተባለ ጎበዝ ሚስት ይታጭለታል፤ የኦዳው ቃል ግን የሚወለደው የበኩር ልጅ ለአያት ቅድመ አያቶች መሥዋዕት እንዲሆን ያዛል። ሻንካ ልጁ እንዳይታረድ ሲል ሚስቱን ሳይቀርብ ይኖራል፤ ከዚያም መከራ በመከራ ላይ ይደራረባል። እስከ አሁን የዛፉን ጥላ የነፃነት ስፍራ አድርጌ ተርኬያለሁ። ከዚያው አገር የተወለደው ደራሲ ግን ሌላውን ገጽ አሳየን። ዛፉ ሰውን እንዲናገር ማደፋፈሩ ቀርቶ በእርሱ ስም የሚናገር አንድ አዋቂ ከተሾመለት፣ ያው ግርማ የበኩር ልጅ ይጠይቃል። በርክ ስለ ጨለማ ደኖች ካህናት የታዘበው በጸጋዬ እጅ የሻንካ ቤት ሐዘን ሆኖ መጣ።

እንግዲህ ጸጋዬ የእኔን ክርክር ያፈርሰዋልን? የአገሬው ሰው ከግርማው ጋር ያለው ቅርበት ባርነትም ሊሆን ይችላል ማለቱ ትክክል ነው፤ ይህን ሳይቀበል ስለ አገር በቀል ጥበብ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ብቻ ይጽፋል። ነገር ግን ተውኔቱ ሻንካን ከዛፉ ርቆ በደህና ቦታ እንዲቆም አይመክረውም። ሻንካ በዛፉ ፊት፣ በሕዝቡ መካከል ቆሞ እምቢ ይላል፤ ዋጋውንም እዚያው ይከፍላል። ነፃነቱ ከውስጥ የተወለደ ነው። ልዩነቱ ያለው በጉባኤና በአዋቂ መካከል ነው፤ ስለ ዛፉ ሁሉም ይናገራል ወይስ አንድ ሰው?

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያን የፍልስፍና ጽሑፎች በጥራዝ እያሰባሰበ ማሳተም ጀመረ፤ በኋላም፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የኦሮሞን ምሳሌያዊ ንግግሮች፣ ዘፈኖችና ተረቶች በሦስት ጥራዝ አወጣ። ካንት የለም ያለው ስሜት በወረቀት ላይ ሰፈረ።

ከ1967 እስከ 1988 ዓ.ም.፦ የሁሉም የተባለው ደን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የወጣው አዋጅ ገባርነትን ሻረ። ይህ በሸዋ ገበሬ ሕይወት ውስጥ ትልቅ የነፃነት ቀን ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ትላልቅ ደኖች ግን ከባላባትና ከዘውድ እጅ ወጥተው ወደ መንግሥት ገቡ። ጭልሞም ጥበቃ ተመደበለት፤ በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ የወደቀ እንጨት ሲያነሣ እንኳ እንደ ሌባ ይታይ ጀመር።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ጠባቂዎቹ ተበተኑ፤ በአገሪቱ ዙሪያ እንደሆነው ሁሉ ጭልሞም ተጨፈጨፈ። የሚጨፈጭፉት ከውጭ የመጡ ነጋዴዎች ብቻ አልነበሩም፤ የአካባቢው ነዋሪዎችም ነበሩ። ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ከሁሉም ከባዱ ማስረጃ ይህ ነው፤ ሰፉን የሚያውቅ ሕዝብ ዛፉን በገዛ እጁ ጣለ። የሳቮይ ገበሬ ወንድም ይህ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ግርማ ለእርሱ ማገዶ ነው ይላል።

እኔ የማነበው እንዲህ ነው። ሰው የራሱ ያልሆነውንና የሚከለከልበትን ነገር፣ ከልካዩ ሲጠፋ፣ ሌላው ሳይቀድመው ይወስዳል። ይህ የግርማ ስሜት ማጣት አይደለም፤ ግርማውና ውሳኔው መቶ ዓመት ተለያይተው የመኖራቸው ውጤት ነው። ይህ ንባብ ትክክል መሆኑ የሚፈተንበት መንገድ ነበረ፦ ውሳኔው ለነዋሪው ሲመለስ ምን እንደሚሆን ማየት።

ከ1988 እስከ 2008 ዓ.ም.፦ ፈተናው

ፈተናው መጣ። ከ1988 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ በኢትዮጵያ አሳታፊ የደን አስተዳደር ከተጀመረባቸው ስፍራዎች አንዱን በጭልሞ ከፈተ። ነዋሪዎች በደን ተጠቃሚ ቡድን ተደራጁ፤ ወሰን ተለየ፤ ምን ያህል እንጨት መቼ እንደሚወጣ፣ የት እንደማይነካ፣ ያጠፋ እንዴት እንደሚቀጣ በውል ተጻፈ። የመንግሥት ጥበቃ ያልቻለውን ጎረቤት ጎረቤቱን በመጠበቅ ይሠራው ጀመር። ችግር አልጠፋም፤ ከቡድኑ ውጪ የቀሩ ድሆች ቅሬታ ነበራቸው፣ ገበያም ይጎትታል። ነገር ግን ሰዎች ተሰብስበው ስለ ዛፍ ሕግ የሚያወጡበት ስፍራ በሜጫ ምድር እንደገና ተፈጠረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፈላስፋ ወርቅነህ ቀልቤሳ ስለ ኦሮሞ የአካባቢ ሥነ ምግባር ባጠናው ሥራ እንዳሳየው፣ ለገበሬው ጥቅምና ክብር ተቃራኒ አይደሉም፤ የሚቆርጠውን እያከበረ የሚቆርጥ ሰው አለ። ካንት ከጥቅም የራቀ ያለው ደስታ ለአበባ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለሚኖሩበት ደን ግን ጠባብ ነው።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋን ማስተር ፕላን በመቃወም በአምቦ ሰልፍ ወጥቶ ሰዎች ሞቱ። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ያስቆጣቸው የከተማዋ ኳስ ሜዳና የጭልሞ ደን ለኢንቨስትመንት ሊተላለፉ ነው መባሉ ነበር። ተቃውሞው በሳምንታት ውስጥ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ላይ በተፈጠረው መረጋገጥ ብዙ ሰው ሞተ።

የጊንጪ ተማሪዎች ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መፈናቀልና ስለ አስተዳደር ተቃወሙ እንጂ ስለ ውበት አልወጡም የሚለኝ አንባቢ ትክክል ነው። የፖለቲካውን ምክንያት በዛፍ ቅጠል መሸፈን ለሞቱት ክብር አይሆንም። ነገር ግን ከሁሉም በፊት ምን እንዳስነሣቸው እናስብ፤ ወጣቶች የሚጫወቱበት ሜዳና አያቶቻቸው የተጠለሉበት ደን። ሺለር ሰው ሙሉ ሰው የሚሆነው ሲጫወት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ካንት በግርማ ፊት ነፃነቱን ያውቃል ብሎ ነበር። ሁለቱም ስፍራዎች በአንድ ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ወቅት፣ የከተማዋ ሰው ሳይጠየቅ ሊወሰዱ ነው ተባለ። ቁጣው ከመሬት ዋጋ በላይ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፦ ወንጪ

በ2012 ዓ.ም. ገበታ ለሀገር በተባለው ዕቅድ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ለቱሪዝም ልማት ተመረጠ። ከዚያ በፊት የወንጪ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ለጎብኚ ፈረስና ጀልባ ያከራዩ ነበር፤ ገቢውም በመካከላቸው ይከፋፈል ነበር። አሁን መንገድ ተሠርቷል፣ ማረፊያ ተገንብቷል፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው በርክቷል። ያ ሰው ከገደሉ አፋፍ፣ ከተጠበቀ ስፍራ ቆሞ ሐይቁን ሲያይ የሚሰማው ነገር ሐሰት አይደለም፤ ካንት የገለጸው ያንኑ ነው፤ ጎብኚውም የራሱን ነፃነት በዚያ ቢያገኝ የሚያስደስት ነው። እኔ የምከራከረው የእርሱ እይታ ብቸኛው እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ወንጪ በግንባታው ውበት ከመመዘኑ በፊት፣ የፈረስና የጀልባው ማኅበር ስለ መሬቱ፣ ስለ ዋጋውና ደሴቱ በስንት ሰው መጎብኘት እንዳለበት ሲወሰን ድምፅ አለው ወይስ የለውም ተብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ጥያቄው ለጭልሞ የተጠቃሚ ቡድኖችም፣ በኦዳ ቢስል እንደገና ለሚሰበሰበው ጉባኤም እኩል ይሠራል፤ መልሱም በሦስቱ ስፍራዎች አንድ ላይሆን ይችላል።